በኤረር የተወለደው ልጅ

ስምረት ለመውለድ ሆስፒታል የገባችው ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ በእግሯ እየተራመደች፣ ፀጉሯን ተሠርታ ነው። ድሬዳዋ ውስጥ ለመውለድ እያቃሰተ የሚገባ ሰው ከጠፋ ቆይቷል። ምጥ የሚለው ቃል ራሱ ከሰው አፍ ጠፍቶ «ሞገድ» ተተክቶበታል። ሞገድ ሲመጣ ትንፋሽ ይሰበሰባል፣ ዓይን ይከደናል፣ ሰመመን ይገባል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን የሚያውቁት ሐኪሙና መሪው ብቻ ናቸው፤ እነሱም አያወሩትም።

መሪ ማለት ሰውን በድምፁ ሰመመን የሚያስገባ ባለሙያ ነው። በዚያ ዘመን መሪ የማይገባበት ጉዳይ አልነበረም። ጥርስ ሲነቀል መሪ አለ፣ ለቅሶ ቤት መሪ አለ፣ ሐረር የሚሄደው አውቶቡስ ላይ መሪ አለ። ተሳፋሪው ደንገጎ አቀበት ሥር ዓይኑን ይከድንና ሐረር ሲደርስ ይነቃል። ስለ መንገዱ የሚያማርር ሰው የለም፤ ያየውም የለም።

የስምረት ባል አቤኔዘር ደግሞ ሳይጠሩት ሰመመን የሚገባ ሰው ነው። ለወሊዱ ልምምድ እንዲሆን ማታ ማታ ከራት በኋላ ጎን ለጎን ተቀምጠው የመሪውን ድምፅ ይከፍቱ ነበር። «አሁን ትከሻሽን ልቀቂው» ሲባል ትከሻውን የሚለቀው አቤኔዘር ነው። «መንጋጋሽን አላሊው» ሲባልም መንጋጋው የሚላላው እሱ ነው። ስምረት ዓይኗን እንኳ በወጉ ሳትከድን ማንኮራፋት ይጀምራል። «ይሄ ሰውዬ ቀድሞኝ ሳይወልድ አይቀርም» እያለች ለእናቱ ታማው ነበር።

እናቱ እማማ ኤልዳና ግን በሰመመን ነገር አይስቁም። እሳቸውም አቤኔዘርን የወለዱት በሰመመን ነው፤ በወሊዱ ቅር አላላቸውም። የተቀየሙት በእልልታው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰመመን ውስጥ የተሰማ ነገር በእውነት የሆነ ነገር ነው። የስምረት መሪ ናሆም በመጀመሪያው ትምህርት የነገራት ይህንኑ ነው። «ጠጣሽ ካልኩሽ ጠጥተሻል፣ ደረስሽ ካልኩሽ ደርሰሻል» አላት፣ መቆጣትም መጮህም በረዶ መጠጣትም በተከለከለበት ለስላሳ ድምፁ። ስለዚህ ሆስፒታሉ ውስጥ አላስፈላጊ ነገር እንዳይሰማ ይጠነቀቃሉ። ነርሶቹ በካልሲ ይሄዳሉ፤ የወጥ ቤቱ ሰሃን ሳይቀር ጎማ ነው። የምትወልድ ሴት ያወቀችውን ነገር ይዛ ስለምትገባ የልጇ ፆታ አይነገራትም። እልልታማ ፈጽሞ ክልክል ነው።

ቤተሰብ የሚጠብቀው ከመንገዱ ማዶ ባለው የመስታወት አዳራሽ ነው። መብራት ሲበራላቸው ተነስተው እዚያው እልል ይላሉ፤ ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት። ሌላው ሁሉ ሲለወጥ ይህች ልማድ ንቅንቅ አላለችም። መስታወቱ ግን ድምፅ አያሳልፍም፤ ከውጭ ለሚያይ ሰው የሚያዛጉ ይመስላሉ።

«እንደ ዓሣ አፋችንን ከፍተን ልጅ እንቀበል እንዴ?» ይላሉ እማማ ኤልዳና። «ልጅ የመጣበትን ቤት በጆሮው ይወቅ እንጂ!»

ስምረት በእሳቸው ነገር ትስቅ ነበር። እሷን የሚያጓጓት ሌላ ነው። ጎረቤት በወለደ ቁጥር አራስ ጥየቃ ትሄዳለች፤ የወለዱት ሴቶች ተራ በተራ የወሊዳቸውን ቀን ያወራሉ። «አለቀሰ። ደረቴ ላይ አደረጉት። ሞቀኝ። ደስ አለኝ» ትላለች አንዷ። ሌላዋም ትቀጥልና «አለቀሰች። ደረቴ ላይ አደረጓት። ሞቀኝ። ደስ አለኝ» ትላለች። ስምረት በሰማችው ቁጥር ሆዷ ይባባል፣ የእኔስ መቼ ይሆን ትላለች። የሁሉም ወሬ አንድ ዓይነት መሆኑ ከንክኗት አያውቅም፤ የደስታ ወሬ ይመሳሰላል ብላ ነው ያለፈችው።

የክፍሏ አልጋ ሰፊ፣ ግድግዳው ደግሞ ወፍራም ነበር። ናሆም ከራስጌዋ ተቀመጠ፤ ዶክተር ሕሊና ከአንዲት ነርስ ጋር ከግርጌ ቆመች። ወላዶች ሰመመን ውስጥ የሚቀመጡበት ማረፊያ አስቀድመው ይመርጣሉ፤ አብዛኞቹ አይተውት የማያውቁትን ባሕር ነው የሚመርጡት። ስምረት የመረጠችው ኤረርን፣ የአክስቷን የብርቱካን ማሳ ነው። ማሳው ከደረቀ ዓመታት አልፈዋል። ማረፊያ ለመሆን ግን መድረቁ አያግደውም።

«እንሂድ ወደ ኤረር» አላት ናሆም።

ሄደች። ብርቱካኑ ቅጠሉን ዘርግቶ ጠበቃት። ከእግሯ ሥር የመስኖ ቦይ አለ፤ ሞገድ በመጣ ቁጥር ቦዩ ሞላ ይልና ቁርጭምጭሚቷን አርሶ ይጎድላል። ናሆም ከሆነ ዛፍ ጀርባ ሆኖ ያናግራታል። «ውኃው እየሞላ ነው። ይሙላ፣ አትከልክይው» ይላታል። አልከለከለችውም። እንዲህ ያለ ቀን ኖሯት አያውቅም።

ከዚያ ከማሳው ማዶ እልልታ ተሰማ።

ድምፁን አወቀችው፤ የእማማ ኤልዳና ነው። እማማ ኤልዳና ኤረር ምን ሊያደርጉ መጡ ብላ አልጠየቀችም። ቆጠረች እንጂ። ሰባት ሆነ። ወንድ ነው አለች በልቧ፣ ወዲያው ልጁ ደረቷ ላይ ነበር።

ልክ እንደ አባቷ አገጩ ላይ ስርጉድ ያለች ነገር አለችው። ግራ ጆሮው ታጥፏል፤ በጣቷ ስታቃናለት ተመልሶ ታጠፈ። አላለቀሰም፣ ዝም ብሎ ያያታል። ወንድ ከሆነ ብለው ከአቤኔዘር ጋር የተስማሙበት ስም ኢዮስያስ ነበርና «ኢዮስያስ» አለችው፤ እሱም ስሙ እንደሆነ ያወቀ መሰለ። የቦዩ ውኃ ቀጥ ብሎ ቆመ።

ናሆም ከዛፉ ጀርባ አንድ ነገር ይላል። ድምፁ ተሰባብሯል። «ስምረት፣ ገና ነው። ልጁ ገና ነው» ይላታል። ልጁን እያየችው ገና ነው የሚለውን ምን ታድርገው? ምስኪን፣ ተሳስቷል ብላ አዘነችለት። እሱ ግን አላቆመም፤ «ንቂ» አላት፣ ደጋገመው፣ ነቃች።

መጀመሪያ ያደረገችው እጇን ደረቷ ላይ ማሳረፍ ነው። ባዶ ነው። እጇን ወደ ታች ሰደደች። ሆዷ እንዳለ ተቆልሎ ተቀምጧል።

«ልጄ የታለ?» አለች።

ነርሷ ዶክተሯን አየች፣ ዶክተሯ ናሆምን አየች፣ ናሆም ወለሉን አየ።

«ስምረት፣ አልወለድሽም» አለች ዶክተር ሕሊና።

«ወልጃለሁ እንጂ፤ ኢዮስያስ ነው። አሁን ደረቴ ላይ ነበር። ማን ወሰደው?»

«ልጁ ሆድሽ ውስጥ ነው ያለው።»

ስምረት ሆዷን አየችው፣ አሰበች፣ ነገሩ የገባት መሰላት። «ይሄማ ሌላው ነው! መንታ መሆናቸውን ለምን ደበቃችሁኝ?»

መንታ አይደሉም አሏት። ታዲያ የሌላችሁት እናንተ ናችሁ፣ እኔ አሁንም ሰመመን ውስጥ ነኝ አለች። ነርሷን ቆንጥጪኝ አለቻት። ነርሷ በዓይኗ ዶክተሯን አስፈቅዳ ክንዷን ቆነጠጠቻት፤ አመማት። ሰመመን ውስጥም ቢሆን ግን አመመሽ ከተባለ ያማል። ቁንጥጫው ምንም አልፈየደላትም፤ የምትይዘውን የምትጨብጠውን አጣች።

በዚህ መሃል አቤኔዘር በጫማው እያንኳኳ ሮጦ ገባ፤ እዚያ ቤት የጫማ ድምፅ ሲሰማ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ፊቱ ላብ በላብ ሆኗል።

«እማማ ናት» አለ። «ዘበኛው የምሳ ሰመመኑ ላይ ነበር፤ አልፋው ገባች። ልጅ ሲወለድ ኮሪደሩ ላይ የሚበራው መብራት ያለው በአንቺና በጎረቤትሽ በር መሃል ነው። ያንቺ መስሏት ነው። ሰባቱንም ጨርሳ ነው የደረሱባት። የጎረቤት ክፍል ነው የተወለደው ስምረቴ፣ የሌላ ሰው ልጅ ነው።»

ይህን ስትሰማ ስምረት የባሰ ግራ ተጋባች። የሌላ ሰው ልጅ ከሆነ የእኔ ደረት ላይ ምን ያደርጋል? ልይው አለች። ሳላየው ምንም አላደርግም፣ ገድላችሁት ይሆናል አለች። ዶክተር ሕሊና የሆዷን ልጅ የልብ ምት መከታተያ አየት አደረገችና ለነርሷ ምልክት ሰጠቻት። ነርሷ በካልሲዋ እየተንሸራተተች ሄዳ የጎረቤቱን ሕፃን በፎጣ ጠቅልላ በሩ ላይ ይዛው ቆመች። እናቱ ገና ሰመመን ውስጥ ሆና የመሪዋን የመጨረሻ ቃላት እየሰማች ስለነበር አላወቀችም። ሕፃኑ ፀጉሩ ግንባሩ ድረስ የወረደ፣ ጆሮው ቀጥ ያለ ነው።

«እሱ አይደለም» አለች ስምረት፣ እንባዋ መጣ። የሌላ ሰው ቢሆን ይሻላት ነበር፤ ቢያንስ የሆነ ቦታ አለ ማለት ነው።

ናሆም መልሶ ሊያስገባት ሞከረ። ገባች። ኤረር ስትደርስ ልጁ ብርቱካኑ ሥር እየጠበቃት ነበር። አቀፈችው፣ ሁሉ ነገር ቀለላት፣ ማህፀኗም ሥራውን እንደጨረሰ ሁሉ ተኛ። ዶክተሯ «አውጣት፣ አውጣት፣ ልቡ እየደከመ ነው» ስትል ናሆም ቀሰቀሳት። እንደገና ሞከረ፤ እንደገና ያው ሆነ።

«እዚያ ከገባች አትወልድም» አለ ናሆም ከንፈሩ ደርቆ። «ለእሷ አልቋል።»

«ቀዶ ጥገናስ?» አለ አቤኔዘር።

«እሱም በሰመመን ነው። የድሮው ማደንዘዣ መርፌ አዲስ አበባ ነው ያለው፤ ልጁ ደግሞ ያን ያህል አይጠብቀንም» አለች ዶክተር ሕሊና። ስምረትን ትከሻዋን ይዛ «በዓይንሽ በብረቱ ነው የምትወልጂው» አለቻት። እሷም እንዲህ ያለ ወሊድ ያየችው ትምህርት ቤት፣ በሥዕል ነው።

በእጇ ላይ በተሰካው መድኃኒት ይሁን በራሱ ጊዜ፣ ሞገዱ ተመለሰ። ሞገድ የሚሉት ነገር ግን አልነበረም። ቦይ የለውም፣ ሞላ ብሎ አይጎድልም። ወገቧን ከሁለት ሊከፍል የመጣ ነገር ነው። ስምረት እንዲህ ያለ ነገር ሰው ላይ እንደሚደርስ ማንም ነግሯት አያውቅም። ጮኸች። ነርሷ ደንግጣ ጆሮዋን ያዘች፤ ኮሪደሩ ላይ በሮች አንድ በአንድ ሲቆለፉ ተሰማ። አቤኔዘር ክው ብሎ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ።

«ሞገዱን ተቀበይው፣ አትከልክይው...» ማለት ጀመረ ናሆም።

«ዝም በል!» አለችው። ዝም አለ። ከዚያ ሌላ የሚያውቀው ነገር አልነበረም።

እማማ ኤልዳና የገቡት ይሄኔ ነው። ነጠላቸው ከትከሻቸው ወርዶ ይጎተታል፤ ዓይናቸው ቀልቷል። ማንም አላስወጣቸውም፤ የሚያስወጣ ቀልብ ያለው ሰው አልነበረም። የስምረትን እጅ ያዙና «እኔ ነኝ ያጠፋሁት ልጄ፣ እኔ ልቃጠል» አሉ። ከዚያ ፈራ ተባ እያሉ «እናቴ ‹ማርያም፣ ማርያም ይባላል› ስትል እሰማ ነበር። ከዚያ ቀጥሎ ምን እንደሚባል ግን አላውቅም» አሉ።

«እሱኑ ይበሉ፣ እሱኑ» አለች ስምረት በተነከሰ ጥርሷ መሃል።

«ማርያም፣ ማርያም» ይሉ ጀመር እማማ ኤልዳና። አቤኔዘርም ከግድግዳው ሳይላቀቅ አብሮ አለ።

«ግፊ!» አለች ዶክተሯ።

ስምረት አልገፋችም። ፈርታ አይደለም፤ ሕመሙን የፈራችውን ያህል ፈርታው ጨርሳለች። መግፋት ማለት አልወለድኩም ማለት ነው። አልወለድኩም ማለት ደግሞ ያ ልጅ፣ ጆሮውን ያቃናችለት፣ ስሙን የነገረችው፣ የለም ማለት ነው። እናት ሆና ልጇን በገዛ እጇ የለም እንድትል ነው የሚጠይቋት። ጥርሷን ነክሳ ሰውነቷን ያዘችው፤ ነገሩ ሁሉ እዚያው እንዲቆም ፈለገች።

«ስምረት፣ ስሚኝ» አለች ዶክተር ሕሊና ጠጋ ብላ። «ያየሽውን ልጅ እኔ አላውቀውም። የለም ብዬሽ አልከራከርሽም። ይሄኛውን ግን እሰማዋለሁ፤ አንቺም ስሚው።» እንዲህ አለችና የመከታተያውን ድምፅ ከፈተችው። በዚያ ሆስፒታል የሕፃን ልብ ምት ለእናት ተከፍቶ አያውቅም። ድም፣ ድም ይላል፤ ይዘገያል፤ ይጠፋና ስምረት ትንፋሿን ስትይዝ ደግሞ ይመጣል።

ማን እንደሆነ አታውቀውም። መልኩን አላየችም፣ ስም የላትም ለእሱ። ድካሙ ግን ገባት፤ ለብቻው እየታገለ ነው። «ይቅር በለኝ» አለች ጮክ ብላ፣ ለማን እንዳለችው ከእሷ በቀር ያወቀ የለም፣ ገፋች።

ሕፃኗ ስትወጣ ሴት ነበረች። እማማ ኤልዳና አፋቸውን በነጠላቸው አፈኑ፤ አንድም እልልታ አልተሰማም። ነርሷ ጠራርጋ ስምረት ደረት ላይ አስቀመጠቻት። ጭንቅላቷ ሾጠጥ ብሏል፣ ፊቷ ተጨማድዶ ቀልቷል፣ ጩኸቷ ክፍሉን ይሰነጥቃል። ስምረት አየቻት። አውቶቡስ ላይ «አንዴ ያዢልኝ» ተብሎ የተሰጣትን የሰው ዕቃ እንደያዘች ነው የያዘቻት። ዓይኗ ከዶክተሯ ትከሻ ኋላ ይፈልግ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ናሆም ከአቤኔዘር ጋር መጣ። ስምረት ሌሊቱን ለሕፃኗ ጡት ሰጥታታለች፣ ስታለቅስም አባብላታለች፤ ስሟን ግን አላወጣችላትም። አቤኔዘር ሲጠይቃት «ወንድሟን ሳታይ ስም አይወጣላትም» የሚል መልስ ሰጥታው ሲደነግጥ አይታ፣ ምን እንዳለች ራሷም ግራ ገብቷት ነበር።

«ልናስተካክለው እንችላለን» አለ ናሆም፣ ድምፁ ማርነቱን መልሶ አግኝቷል። «ዓይንሽን ጨፍነሽ ስትከፍቺ ያልቃል። ልጁን ከትዝታሽ አወጣልሻለሁ።»

«እሱን ብቻ?»

«ለይቼ ማውጣት አልችልም። ማክሰኞ እንዳለ ይወጣል። ሕመሙም፣ ጩኸቱም፣ ሁሉም። በምትኩ የተለመደውን አኖርልሻለሁ።»

«የተለመደው ምንድን ነው?»

«ለሁሉም የምናኖረው ነው» አለ ናሆም፣ ደጋግሞ እንደሚያደርገው ቀለል አድርጎ። «አለቀሰች። ደረቴ ላይ አደረጓት። ሞቀኝ። ደስ አለኝ።»

አራስ ጥየቃ የሄደችባቸው ቤቶች፣ ሴቶቹ ሁሉ፣ እንባ እያቀረሩ ያወሩት ሁሉ በፊቷ ድቅን አለ። እነዚያ ሴቶች የወለዱትን ቀን አንዳቸውም አያውቁትም። እሷም እስከ ትናንት ስትቀናባቸው ኖራለች።

«ምን ችግር አለው?» አለ አቤኔዘር፣ እጇን ይዞ። «ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው እሱን ነው። ልጃችንን አይተሽ እንድትስቂ ነው የምፈልገው። ስምረቴ፣ እባክሽ።»

ክፉ አልተናገረም፤ ለእሷ አስቦ ነው። ትናንት ስትጮህ ሰምቷት መተኛት አቅቶታል። እሺ ብትለው ሁሉም ይቀላል፤ ይህን ታውቃለች።

«ትንሽ ከእሷ ጋር ተዉኝ» አለች። ወጥተው በሩን ዘጉ።

ሕፃኗ ወዲያው ነቅታ ማልቀስ ጀመረች። ስምረት አንስታ ጭኗ ላይ አጋደመቻት፤ በደንብ ስታያት የመጀመሪያዋ ነው። አገጯ ላይ ምንም የለም። ጆሮዎቿ ቀጥ ያሉ ናቸው። ከኢዮስያስ ጋር የሚያመሳስላት አንዳች ነገር የለም። ስምረት ዓይኗን ብትጨፍን እሱ አሁንም አለ፤ ብርቱካኑ ሥር ንጹሕ ሆኖ፣ ዝም ብሎ ያያታል። ናፈቃት። ያልነበረ ልጅ እንዲህ ይናፍቃል ወይ ብላ ራሷን ጠየቀች። ለእሱ አለቀሰችለት፤ እስኪወጣላት አለቀሰች። ሕፃኗም አብራት ታለቅሳለች። ሁለቱ ሲያለቅሱ ወገቧ ላይ ያ ትናንት የተከፈለው ቦታ ጠዘጠዛት፣ ስትንቀሳቀስም ወጋት። እዚያ ቤት ከተኙት እናቶች መሃል ቦታው የሚያማት እሷ ብቻ ናት።

«ወንድምሽ ቆንጆ ነበር» አለቻት በመጨረሻ፣ አፍንጫዋን በእጇ ጀርባ እየጠረገች። «አላለቀሰም። አላመመኝም።»

በሩ ቀስ ብሎ ተንኳኳ። «ማክሰኞ ከእኔ ጋር ይቆይ» አለች ወደ በሩ ሳትዞር። ሕፃኗን ከጭኗ ላይ አንስታ ወደ ደረቷ አስጠጋቻት፣ ትንሿን የተጨማደደች ግንባር በከንፈሯ ነካች።

«አንቺ ግን አመምሽኝ» አለቻትና ጡቷን አጎረሰቻት።